ለልጅ የተሸጠ በሬ፦ ዋጃ የሚጠብቀው ካፒታል የትኛው ነው?

ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚወስደውን አስፋልት የያዘ መንገደኛ ዋጃን ሳያይ አያልፍም። በስተምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት፣ መሐል ላይ የራያ ቆላ ሜዳ ተዘርግቷል። ከተማዋ መንገዱን ይዛ የቆመች የገበያ ከተማ ናት። ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም እዚህ ገዢ ያገኛሉ፤ ከብትም እንዲሁ።

በከብት ተራ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱንና ጫንቃውን ያያል እንጂ ሻጩ ለምን ሊሸጠው እንደወሰነ አይጠይቅም። ቢጠይቅ ግን ከሚሰማቸው ምክንያቶች መካከል ሁለቱ በኢኮኖሚ ዓይን ሲታዩ አንድ ዓይነት ሆነው ያገኛቸዋል። አንደኛው ልጅን በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሚያሻግር ደላላ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ልጅን ወልድያ፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ወስዶ ማሠልጠኛ ለማስገባት የሚከፈል ገንዘብ ነው። ሁለቱም በሰው ጉልበትና ችሎታ ላይ የተደረገ ኢንቨስትመንት ነው። በሁለቱም ገንዘቡን የሚያወጣው ቤተሰቡ ነው፤ ነገሩ ቢከሽፍ ኪሳራውን የሚሸከመውም ያው ቤተሰብ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታወቀ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተባረሩት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን ወሰን ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ ገልጿል። የመን ውስጥ በአጋቾች እጅ ለወደቀ ልጅ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠየቀው ደግሞ እዚሁ፣ ከቤተሰቡ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛው በሬ ይሸጣል።

በሁለተኛው መንገድ ላይ የሚሰማራ አዲስ ዓይነት ባለገንዘብ በዓለም ላይ መበራከቱ ስለሚነገር፣ የዛሬው ዓምዳችን ይህ ካፒታል ምን እንደሆነ፣ የት እንደደረሰና ዋጃን ለመሰለች ከተማ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ይመለከታል።

ትርፍም ፋይዳም

«ኢምፓክት ኢንቨስትመንት» የሚለው ስያሜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 የሮክፌለር ፋውንዴሽን ጣሊያን ውስጥ ቤላጂዮ በተባለ ሥፍራ በጠራው ስብሰባ ላይ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። እርዳታ ሰጪ ገንዘቡን ሰጥቶ አይጠይቅም፤ ነጋዴ ትርፉን እንጂ ሌላ አይጠይቅም። ይህኛው ባለገንዘብ ግን ሁለቱንም ይጠይቃል። ገንዘቡ ከነትርፉ እንዲመለስለት፣ በተጨማሪም በሰው ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ተለክቶ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። የዘርፉ ማኅበር የሆነው ጂን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት በዚህ ስም የሚንቀሳቀሰው ሀብት 1.571 ትሪሊዮን ዶላር ደርሷል።

ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ ሥልጠና ኩባንያዎች ይሄዳል። በተለይ ገና በጅምር ላይ ያሉት፣ ሒሳባቸው ያልጠነከረው፣ ባንክ ቤት የሚያስይዙት ሕንፃ የሌላቸው ኩባንያዎች ይህን ገንዘብ ይፈልጉታል። ለዚህም ምክንያት አላቸው። ባንክ ቤት ይታመናል፣ መኪና ይታመናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የመያዣ መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ከወጣ ወዲህ ከብትና ሰብል እንኳ በመያዣነት ሊመዘገብ ይችላል። አንድ ወጣት ስለ ፓምፕ ጥገና ያወቀውን ነገር ግን ማንም ሊያስይዘው አይችልም፤ ዕዳ ባይከፈል ወስዶ በሐራጅ የሚሸጠው የለም። የሥልጠና ኩባንያ ዋና ሀብት በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነውና።

በኢትዮጵያ የዚህ ገንዘብ አሻራ ከሞላ ጎደል አዲስ አበባ ውስጥ የታጠረ ነው። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በጀመረው ፕሮግራም 300 ሚሊዮን ዶላር መድቦ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ 10 ሚሊዮን ወጣቶችን ከሥራ ጋር ለማገናኘት ግብ አስቀምጧል። ይህ በአመዛኙ የፋውንዴሽን ገንዘብ እንጂ ትርፍ የሚጠይቅ አይደለም። ትርፍ ፈላጊው ገንዘብ ከገባባቸው ኩባንያዎች አንዱ ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣቶችን በሶፍትዌር ሙያ በማሠልጠን የተጀመረው ይህ ኩባንያ በአፍሪካ ጀማሪ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ ከሚያፈሱት አንዱ የሆነውን ፓርቴክን መሳብ ችሏል። እያደር ግን ትኩረቱ ከማሠልጠን ይልቅ ባለሙያን ከቀጣሪ ወደ ማገናኘት አዘንብሏል። ይህ መዞር በአጋጣሚ የመጣ አይመስለንም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ፈላጊው ስንት ነው?

የገበያውን ስፋት ለማወቅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትን ማየት ይበቃል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኝ ከ91 በላይ የሚሆነው የማለፊያውን ነጥብ አላገኘም ማለት ነው። ይህ ቁጥር 12ኛ ክፍል የደረሱትን ብቻ የሚመለከት ነው። ቀድመው ያቋረጡት በሒሳቡ የሉበትም።

በራያ ቆላ ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ቆቦንና አካባቢዋን ደጋግሞ ተመላልሶባታል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተቀሰቀሰው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ በ2016 ዓ.ም. በአላማጣና በዙሪያዋ በተነሣ ግጭት ቤተሰቦች ወደ ቆቦ ተፈናቅለዋል። አካባቢው በማን ይተዳደር የሚለው ክርክር የፖለቲካው ዓምድ ጉዳይ ነው። ለገበያው ዓምድ የሚታየው ውጤቱ ነው፤ ይኸውም ዓመታት ከትምህርት ገበታ የራቀ፣ ዕድሜው ግን ለሥራ የደረሰ ወጣት መብዛቱ ነው።

እንግዲህ ፈላጊ አለ። ከፋይ ግን አለ ወይ? የጉዳዩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው።

ከፋዩ ማነው?

በአገራችን የትምህርት ንግድ የተጀመረው ያለ አንዳች የውጭ ካፒታል ነው። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በ1991 የቋንቋ ትምህርት ቤት ሆኖ ተነሣ፤ በ1998 ኮሌጅ፣ በ2008 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። ያሳደገው የተማሪ ክፍያ ነበር። ይህ መንገድ አዲስ አበባ ላይ ሠርቷል፤ ማታ ተምሮ ቀን የሚሠራ፣ ከደመወዙ የሚከፍል ሰው ነበርና። ዋጃ ላይ ያለው ከፋይ ግን ደመወዝተኛ አይደለም፤ ባለ በሬው ነው።

ሌላው ምሳሌ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ነው። የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የመሠረቱት ይህ ድርጅት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት ከመስከረም 1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ አቅርቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን ተቀብሏል። ትንሿ ቀጭኔ በየገጠሩ ትታወቃለች። ይሁንና ተመልካቹ ሕፃን ነው፤ ሕፃን አይከፍልም። እንዲህ ላለው ሥራ ከፋይ ሆነው የኖሩት በአብዛኛው ለጋሽ ድርጅቶች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ የነበረው የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራውን አቁሟል። ለጋሽ ሲሄድ የግል ካፒታል ይተካ የሚለው ጥሪ የበረታውም ከዚህ ወዲህ ነው።

የግል ካፒታል ግን የራሱ ጠባይ አለው። ሌጎስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው አንዴላ ወጣቶችን ያለ ክፍያ፣ እንዲያውም ደመወዝ እየከፈለ አሠልጥኖ ለውጭ ኩባንያዎች በማሠራት ነበር የጀመረው። በ2016 የዙከርበርግና የባለቤቱ ድርጅት የመራው የ24 ሚሊዮን ዶላር ገንዘብ ገባለት። በ2019 ግን ወደ 400 የሚጠጉ ጀማሪ ባለሙያዎችን አሰናበተ፤ ገዢዎቹ የሚፈልጉት ልምድ ያለውን ሰው ነበርና። በ2021 ከሶፍትባንክ ቡድን 200 ሚሊዮን ዶላር ሲያገኝ ዋጋው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተገመተ። ኩባንያው አተረፈ። ጀማሪው ግን ከበሩ ውጭ ቀረ። ከፍ ብለን ገበያ ከሥልጠና ወደ ማገናኘት አዘነበለ ያልነውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ማሠልጠን ወጪ ነው፤ የሠለጠነውን ማገናኘት ገቢ ነው።

ኬንያ ውስጥ የተጀመረው ብሪጅ ለድሃ ልጆች በወር 6 ዶላር ገደማ እያስከፈለ ትምህርት አቀርባለሁ ብሎ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነውን አይ.ኤፍ.ሲን ጨምሮ ታላላቅ ባለገንዘቦችን አሰልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የኡጋንዳ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶቹ እንዲዘጉ ወሰነ፤ በ2022 ደግሞ አይ.ኤፍ.ሲ ድርሻውን ሸጦ ወጣ። የሕንዱ ባይጁስ በ2022 ዋጋው 22 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል ሲባል ቆይቶ በ2024 የኪሳራ ክስ ተከፈተበት። የተማሪው ብዛት በፍጥነት እንዲያድግ የሚገፋ ገንዘብ የትምህርቱን ጥራት አብሮ እንደማያሳድግ እነዚህ ሁለቱ ያስረዳሉ።

ከሥራ በኋላ የሚከፈል

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። ክፍያው አስቀድሞ ከተፈጸመ አሠልጣኙ ምዝገባ ያሳድዳል እንጂ ሥራ አያሳድድም። ክፍያው ሥራ ከተገኘ በኋላ ከሆነ ግን አሠልጣኙ ራሱ የሥራ ፈላጊ ጠበቃ ይሆናል።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ጀርመን ውስጥ የቪተን ሄርዴከ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ተምረው ሲጨርሱ ከገቢያቸው በመቶኛ የሚከፍሉበትን ሥርዓት ራሳቸው አቋቁመዋል። ቻንሰን ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ይህንኑ አሠራር ወደ ሩዋንዳ አምጥቶታል። ተማሪው ገቢው ከተወሰነ መጠን በላይ ካልሆነ አይከፍልም።

እኛም ብንሆን ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ወጪ ከፊል ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፍል ያደርጋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ምሩቁ ሥራ ባያገኝ ዩኒቨርሲቲው ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ ክፍያው የዘገየ ቢሆንም አስተማሪውን አላተጋውም።

ሌላው መንገድ ለውጤት ሦስተኛ ወገን የሚከፍልበት ነው። ሕንድ ውስጥ በራጃስታን እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 በተካሄደ ሥራ የዩቢኤስ ባንክ ፋውንዴሽን ኤጁኬት ገርልስ ለተባለ ድርጅት ገንዘቡን አስቀድሞ ሰጠ። ሌላ ፋውንዴሽን ደግሞ ልጃገረዶቹ ተመዝግበውና ተምረው ከተገኙ ብቻ እከፍላለሁ ብሎ ተዋዋለ። በመጨረሻ የምዝገባው ግብ 116 በመቶ፣ የመማሩ ግብ 160 በመቶ ተሳካ፤ ገንዘቡን ያስቀደመው ዋናውን በዓመት ከ15 በመቶ ትርፍ ጋር ተቀበለ። የወላጅ በሬ አልተነካም።

ሒሳቡ ዋጃ ላይ ሲሠራ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ አነስተኛ ማሠልጠኛ 20 ወጣቶችን ይቀበላል እንበል። ለአንዱ ሠልጣኝ 15,000 ብር ያወጣል፤ በጠቅላላው 300,000 ብር። ሥራ ያገኘ ወጣት በወር 6,000 ብር ቢያገኝና 10 በመቶውን፣ ማለትም 600 ብር ቢከፍል፦

16ቱ ሥራ ቢያገኙ በወር 9,600 ብር ይገባል፤ ወጪው ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ ጥቂት ባለፈ ጊዜ ይመለሳል። 8ቱ ብቻ ቢያገኙ 4,800 ብር ይገባል፤ ከአምስት ዓመት በላይ ይወስዳል። 4ቱ ብቻ ቢያገኙ 2,400 ብር ይገባል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው። ይህ ወለድም፣ የዋጋ ንረትም፣ ከፋይ ጠፍቶ የሚቀረውም ሳይታሰብ ነው። እንግዲህ የዚህን ንግድ ዕጣ የሚወስነው የመማሪያ ክፍሉ ማማር ወይም የኮምፒውተሩ ብዛት አይደለም። ከ20 ስንቱ ተቀጠረ የሚለው ብቻ ነው።

ታዲያ በራያ ቆላ የሚቀጠርበት ሙያ የትኛው ነው? ለዚህ መልሱን ሜዳው ራሱ ይሰጣል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጥልቅ ጉድጓድ እየወጣ በመስኖ ሲለማ ቆይቷል። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳው ላይ ያሳድራል። ፓምፕ ባለበት ፓምፕ የሚጠግን ያስፈልጋል፤ የጠብታ መስኖ ባለበት ቧንቧውን የሚዘረጋና የሚያጸዳ ያስፈልጋል። ሽንኩርት ባለበት ችግኝ የሚያፈላ፣ ምርቱን የሚለይና የሚያቆይ፣ በዋናው መንገድ ለሚያልፈው አይሱዙ የሚያስጭን ያስፈልጋል። ፓምፑ ቆሞ ማሳው አንድ ሳምንት ውኃ ያጣበት ገበሬ ለጥገና ባለሙያ ለመክፈል ስብከት አያስፈልገውም። ከሽንኩርቱ የሚከስረውን ያውቃልና።

ኮድ መጻፍ አይጠቅምም አላልንም። ነገር ግን ገዢው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ፣ ኤሌክትሪኩና ኔትወርኩ ደግሞ የሚቆራረጥ ሲሆን ምስክር ወረቀቱ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል። የስደቱ መንገድ ያሸነፈው ከገበያ አንጻር ሲታይ በአንድ ነገር ነው፤ ገዢው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቃል። ማሠልጠኛውም ሊወዳደረው የሚችለው ገዢውን አስቀድሞ በስም ሲያውቅ ነው።

ባለገንዘቡ የሚፈራው

የውጭ ባለገንዘብ ከዋጃ የሚርቅበት ምክንያት እንዳለው መካድ አይቻልም። የመጀመሪያው ሰላም ነው። ሁለተኛው ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄደ። ከዚያ በፊት 100,000 ዶላር አስገብቶ 5.7 ሚሊዮን ብር ያበደረ ሰው ዶላሩ 114 ብር በገባ ዕለት ብሩ ሳይጎድል ተመልሶለት እንኳ በእጁ ያለው 50,000 ዶላር ነው። ሦስተኛው መውጫ ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ለባንኮችና ለትልልቅ ኩባንያዎች በር ከፍቷል፤ የ20 ሠልጣኝ ቤት ግን እዚያ አይሸጥም።

ስለዚህ ለዋጃ የሚመጥነው ካፒታል በመጀመሪያ ደረጃ የዶላር ሳይሆን የብር፣ የአክሲዮን ሳይሆን የገቢ ተካፋይ፣ የሦስት ዓመት ሳይሆን የሰባትና የስምንት ዓመት ትዕግሥት ያለው ነው ለማለት ይቻላል። ይህን ከሩቅ መጠበቅ ብቻ አያሻም። የቀድሞው አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ያለ ሕንፃ መያዣ ለገበሬ ማበደርን በዚሁ ክልል ለዓመታት የሠራበት ነው። ጂዳና ሪያድ፣ ዋሽንግተንና አዲስ አበባ ያለው የአካባቢው ተወላጅ ለለቅሶና ለሠርግ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለፓምፕ ጥገና ማሠልጠኛ በገቢ መጋራት ቢያዋጣ የሚያጣው ከዚያ አይበልጥም። የፋውንዴሽኖች ገንዘብ ደግሞ የመጀመሪያውን ኪሳራ ለመሸከም ቢውል ሌላውን ገንዘብ ያደፋፍራል።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን የገበያው ቀን ይቀጥላል፤ አባት በሬውን እየነዳ ከብት ተራ ይገባል። ሽያጩን ከመጨረሱ በፊት ለደላላውም ሆነ ለኮሌጁ መዝጋቢ ሦስት ጥያቄ ማቅረብ መብቱ ነው። ከዚህ ቀደም የወሰድካቸው ልጆች ዛሬ የት ናቸው? ክፍያውን ሥራ እስኪያገኝ ትጠብቀኛለህ? ልጄ ሥራ ባያገኝ አንተ ምን ታጣለህ?

ለሦስተኛው ጥያቄ «ምንም» የሚል መልስ የሚሰጠው ሰው ዘንድ በሬውን ባይሸጥ ይመረጣል። ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላሩም ባለገንዘብ ቢሆን ከዚህ የተለየ ጥያቄ የለውም።